«ይደነግጣል» ብዬ ያነበብኩልሽ ወረቀት

ረሖቮት፣ ክርያት ሞሼ
እ.ኤ.አ. የካቲት 2008

ውድ ያለምዘውድ፣

ሰላምታዬን አሳጥሬዋለሁ፣ አትቀየሚኝ። እኔ ደህና ነኝ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ፈጠነም እንደምታውቂው ነው፤ ባሌ ዛሬም ካፉ አሥር ቃል ከወጣ ቀኑ በዓል ነው። ወረቀት የያዝኩት ስልኬን ስለማታነሺ ነው። የኔን ቁጥር ስታዪ ስልኩን ገልብጠሽ ጠረጴዛው ላይ እንደምትደፊው ልጅሽ ሳፒር ነግራኛለች። እንዳትቆጫት፤ አባብዬ ያወጣጣኋት እኔ ነኝ። ደብዳቤን ግን ገልብጠሽ ብትደፊውም ዋጋ የለውም፣ በጀርባውም ጽፌበታለሁ።

ተቀምጠሽ አንብቢው፣ ቆመሽ አይሆንም። እኔ ነገሩን ካወቅሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ድንጋጤው ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። ድንጋጤ ስልሽ ደግሞ ክፉ ነገር አይምሰልሽ። ወንድምሽ ዳኘው ደህና ነው። እንዲያውም ከደህና በላይ ነው። ደስታና ድንጋጤ ባንድ ቀን ሲመጡብኝ የቱን አስቀድሜ እንደማወራ ጠፍቶኝ ነው።

መጀመሪያ ጥፋቴን ላስቀድም።

ባለፈው ዓመት ከፔሳሕ በዓል በኋላ፣ ከምሠራበት ማዕከል ላንቺ የተጻፈውን ወረቀት በስልክ ሳነብልሽ ትዝ ይልሻል? አካላቸው የተጎዳ ሰዎች ቀን ቀን የሚውሉበት ማዕከል ነው፤ እኔ እዚያ አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ ተሽከርካሪ ወንበር እገፋለሁ። ዳኘው ወደኛ ከመጣ ገና አራተኛ ወሩ ነበር። «ማንቴ፣ ቃል በቃል አንብቢልኝ፣ አታለሳልሺው» አልሽኝ። እኔም ቃል በቃል አነበብኩልሽ። «ታካሚው በኮምፒውተሩ ላይ የእህቱን ፎቶግራፍ ባየ ቁጥር ኒቭሃል» ይላል ዕብራይስጡ። «ኒቭሃል ምንድነው?» አልሽኝ። «ይደነግጣል ማለት ነው» አልኩሽ።

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስል ድምፅሽ ከሩቅ መጣ። «በኔ ቃል ነዋ የወደቀው» አልሽ።

ያን ጊዜ ምን መመለስ ነበረብኝ? ዳኘው ለሳፒር ባት ሚጽቫ፣ ለአሥራ ሁለት ዓመቷ በዓል፣ ሳይመጣ ሲቀር «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» ያልሽው ማክሰኞ ነበር። እሱ ደግሞ ቢሉ ሴንተር የገበያ ማዕከል፣ የሚሠራበት መጋዘን ውስጥ ተዝለፍልፎ የወደቀው ሐሙስ። ሁለቱን ቀኖች አንድ ላይ የሰፋሻቸው አንቺ ነሽ፤ ሐኪሞቹ ደም ግፊት ነው፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል ነው ያሉት። ግን የሰፋሽውን ክር ያቀበልኩሽ እኔ ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ አልመጣሽም። ለሲግድ በዓል አልመጣሽም፣ ለሐኑካ አልመጣሽም። «ካየኝ ይደነግጣል፣ ዳግም ይወድቅብኛል» ብለሽ ለሳፒር ነግረሻታል። እኔም አብሮ አደግሽ ተቆጥቼ ያንን ሁሉ የስድብ መልእክት ስልክሽ ላይ ተውኩ። «አንቺ የድንጋይ ልብ» ያልኩሽን ሰምተሽው ከሆነ ይቅር በይኝ፤ ካልሰማሽው ሳትሰሚ አጥፊው።

አሁን የሆነውን ስሚ።

ስለ ኮምፒውተሩ ትንሽ ካልነገርኩሽ አይገባሽም። ቁልፍ ያለው አይደለም። ስክሪኑን በጣት ሲነኩት ነው የሚሠራ። ስክሪኑ ላይ ሥዕሎች በየሳጥናቸው ተደርድረዋል፤ ውሃውን ስትነኪ ማሽኑ ድምፁን አውጥቶ «ውሃ» ይልልሻል። አፍ ለከዳው ሰው አፍ ነው። ችግሩ፣ ያ ማሽን ለጤነኛ ጣት የተሠራ ነው። የዳኘው ቀኝ ጎኑ እንደተኛ ነው፤ ደህና የሚባለው ግራ እጁም ይንቀጠቀጣል። ጣቱ ወደ ውሃ ሲነሳ ሽንት ቤት ላይ ያርፋል፤ ማሽኑ ደግሞ ምሕረት የለውም፣ የነካኩትን ሁሉ ይቆጥራል። «ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ ውሃ፣ ደክሞኛል፣ ሽንት ቤት» ይላል። ስንቴ ተሳስቶብን ባዶ ሽንት ቤት አድርሰን መልሰነዋል መሰለሽ!

ይህን የሚያስተካክል ቤኒ የሚባል ባለሙያ አለን። የየመን ሰው ነው፣ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት የቀረው፣ እርሳስ ከጆሮው የማይለየው። ለእያንዳንዱ ሰው ማሽኑን እንደ ልብስ ይሰፋለታል። ለዳኘው ብርሃን የሚያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ ቆርጦ፣ በየሥዕሉ ላይ ቀዳዳ በስቶ፣ ስክሪኑ ላይ ሊገጥምለት አሰበ። እጁ ፕላስቲኩ ላይ ያርፋል፣ ጣቱ ብቻ በቀዳዳው ይገባል። ደግሞ ማሽኑን፣ ጣት ገብቶ ጥቂት ካልቆየ እንዳይቆጥር አድርጎ ሠራው። ሰው እንዲህ ያስባል? እኔ ቤኒን ሳየው ይገርመኛል።

የትኞቹ ሥዕሎች ይግቡ የምትለው ደግሞ ታሊያ ናት፣ የንግግር ሐኪሟ። ወጣት ናት፣ ትጉህ ናት፣ ወንድምሽን በዓይኗ ነው የምትጠብቀው። አንገቱ ስለማይታዘዘው ራሱን ነቅንቆ አዎ አይልም። እጄን ጨብጥ ብትለው እጁ ሳይፈልግም ይጨብጣል። ስለዚህ ሥዕል በየተራ ታሳየዋለች፣ ዓይኑንና አተነፋፈሱን ታያለች። ሲረጋጋ ሥዕሉን ትተወዋለች። ከደነገጠ ታወጣዋለች። «ሰውን በሚያስፈራው ነገር አላስተምርም» ነው የምትል። እኔ ያ ክፍል ገብቼ አላውቅም ነበር። በሩ ላይ «እባክዎ ጸጥታ» የሚል ተለጥፏል፤ እኔና ጸጥታ እንዴት እንደሆንን ታውቂያለሽ።

ያን እሑድ ዝናቡ ይወርዳል፣ ግማሹ ሠራተኛ ቀርቷል። ቤኒ ኮሪደሩ ላይ ያዘኝ። «ያላ ማንቴ፣ ፕላስቲኩን ሳጠብቅ ስክሪኑን ያዢልኝ። እጅሽን እፈልጋለሁ፣ አፍሽን እዚህ ተዪው።»

«አፌን ትቼ ብገባ ታሊያ ማን መሆኔን በምን ታውቃለች?» አልኩት።

ገባሁ። ዳኘው ወንበሩ ላይ ነው። እኔ ስክሪኑን በሁለት እጄ ደግፌ ይዣለሁ፣ ቤኒ ከሥር ብሎን ያጠብቃል። ታሊያ ጊዜ ላለማባከን ከራሷ ኮምፒውተር ሥዕል ትልክለታለች። የሻይ ብርጭቆ መጣ። «ሻይ፣ ዳኘው? ሻይ ትፈልጋለህ?» አለችው።

ዳኘውም መለሰላት። እንዴት አድርጌ ልጻፍልሽ? ፊደል የላትም። ሀ ብለሽ እስከ ፐ ብትሄጂ ገበታው ላይ አታገኚያትም። ያቺ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «አዎ» የምንልባት! እናትሽ «ጎረቤት ደርሰሽ መጣሽ?» ስትልሽ አንገትሽን ሳታዞሪ የምትመልሺላት። እሷን ነው ያላት።

እኔ ምን አደረግሁ? ሻይ ላመጣለት ስክሪኑን ለቅቄ ወደ በሩ ዞርኩ።

«ስክሪኑ! ስክሪኑ!» ቤኒ ከሥር ጮኸ። በትከሻው ባይደግፈው ማሽኑም ሥራዬም ወለሉ ላይ ነበሩ። «ወዴት ነው?»

«ሻይ ላመጣ።»

«ሻይ ማን ጠየቀሽ?»

«ዳኘው።»

«ዳኘው መናገር ከጀመረ ንገሪኝና ይህን ፕላስቲክ ቤቴ ልውሰደው» አለኝ።

ዞር ስል የሻዩ ሥዕል የለም። ታሊያ አጥፍታዋለች። ወረቀቷ ላይም ምልክት እያደረገች ነው። «ለምን አጠፋሽው?» አልኳት።

«ደነገጠ፣ አላየሽም? ሻይ ሳሳየው ሁልጊዜ ይደነግጣል» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንዳይሰማ። «ምናልባት ልጅ ሆኖ ሻይ አቃጥሎት ይሆናል። እህቱን ልጠይቃት ፈልጌ ነበር።»

ያለም፣ ያን ጊዜ ገባኝ። «ታሊያ፣» አልኳት፣ «አዎ አለሽ እኮ።»

«ማን?»

«እሱ! አሁን! አዎ፣ ሻይ እፈልጋለሁ አለሽ!»

«ማንቴ፣ ድምፅ አላሰማም። ትንፋሹን ነው ያቋረጠው።»

«እሱ ነው አዎ ማለት!»

«እንዴት?»

ላሳያት ብዬ አፌን ከፈትኩ። እምቢ አለኝ! ሆን ብለሽ ሞክሪው እስቲ፣ ይኸው እያነበብሽ ሞክሪው። አንዴ እንደ ሳል፣ አንዴ እንደ ስቅታ ሆኖ ወጣ። ቤኒ ከሥር ሆኖ ሳቁን ሊይዝ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ታሊያ ግን አልሳቀችም። ዓይን ዓይኔን እያየች «ማንቴ፣ በዚህ ነገር እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ሳላስባት ራሷ ወጣች። ትንፋሼን ሳብ፣ አዎ።

ታሊያ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች። «ምን ሆንሽ? ውሃ ላምጣ?» አለች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አስትማ የለብሽም?» አለችኝ።

«ምን አስትማ?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ... ማንቴ፣ በየስብሰባው መስኮት የምከፍተው እኮ ላንቺ ነው! ባናገርኩሽ ቁጥር አየር ያጥርሻል ብዬ!»

እኔ ደግሞ ይቺ ልጅ ሙቀት አትችልም እያልኩ በጥር ብርድ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ እቀመጥ ነበር! ቤኒ ከዚህ በላይ አልቻለም፣ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ታሊያም ሳቀች። ከዚያ ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ወደ ዳኘው ዞርን፤ ሳቁ እዚያው ደረቀ።

ዳኘው አልሳቀም። እያየን ነበር።

ታሊያ ከስክሪኑ ያወጣቻቸውን ሥዕሎች የምታስቀምጥበትን ገጽ ከፈተች። ያለም፣ ያየሁትን ልንገርሽ። ሻይ። ሬዲዮ። ቃሪያ። በረንዳ። ካርታ ጨዋታ። የሚስቅ ፊት። ዝናብ። ዳቦ። ባሳዩት ቁጥር «አዎ፣ አዎ፣ ይኼንን ስጡኝ» ያለባቸው ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ በእንክብካቤ ተለቅመው ወጥተው እዚያ ተከማችተዋል። ስክሪኑ ላይ የቀረለትስ? የጥርስ ብሩሽ፣ ካልሲ፣ የስኳር ድንች ሾርባ፣ እንቅልፍ፣ ድመት። ድመት! ዳኘው! በልጅነቱ ድመት ካለችበት ቤት ደጃፍ የማይደርሰው ዳኘው! እነዚያን ሲያሳዩት ዝም ስላለ፣ ተረጋጋ፣ ወደዳቸው ተብለው ነው። ከዓመት በላይ በየቀኑ የማይፈልገውን እየደረደሩለት «ምረጥ» ሲሉት ኖረዋል። አልመርጥ ሲል ደግሞ «አይገባውም» ብለው ጽፈዋል።

እኔስ? እኔ በጓዳዬ ንጹሕ ነኝ? ያቺን ትንፋሽ በየቀኑ እየሰማሁ አብልቼዋለሁ። «ልጨምርልህ?» ሳብ ያደርጋታል፣ እጨምራለሁ። «ብርድ ልብሱን ልሳብልህ?» ሳብ ያደርጋታል፣ እስባለሁ። ይኼው ትንፋሽ ያ በወረቀት ያነበብኩት «ድንጋጤ» ይሆናል ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም። ከኔ ሌላ ሰው የማይሰማው መሆኑን በምን ልወቅ? አየር ነው፣ ሰው የሚተነፍሰውን አየር ይሰማል? አንቺም ብትሆኚ ሆስፒታል ሳለ ነው ያየሽው፤ ያኔ እንኳንስ አዎ ሊል ዓይኑም በወጉ አይከፈት ነበር። ትንፋሿ የተመለሰችለት እኛ ጋ ከመጣ በኋላ ነው፣ አንቺ ደግሞ ከዚያ ወዲያ አላየሽውም።

ታሊያ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ መልሳ አሳየችው። ሻይ። ሳብ። ሬዲዮ። ሳብ። ቃሪያ ላይማ ሳትጠይቀው ቀደማት። በመጨረሻ ያንቺ ፎቶ መጣ፤ ሰማያዊ ሻሽ ያሰርሽበት፣ ክፋር ግቢሮል የአክስትሽ ልጅ ሠርግ ላይ የተነሳሽው። ታሊያ ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት አልጠበቃትም። አንዴ ሳብ አደረጋት። እንደገና። እንደገና። ደረቱ እስኪነሳ። ኒቭሃል ተብሎ የተጻፈው፣ ከቤትሽ ያስቀረሽ፣ እኔ በገዛ አፌ «ይደነግጣል» ብዬ ያነበብኩልሽ፣ እሱ ነበር። አዎ፣ አዎ፣ አዎ ነበር።

ከዚያ አለቀሰ፣ ተደሰተ ብዬ እንድጽፍልሽ ትጠብቂ ይሆናል። አይደለም። ተናደደ። በግራ እጁ የቤኒን ፕላስቲክ መታው፣ ደግሞ መታው። ቤኒ ሊይዘው ሲል ታሊያ ከለከለችው። «ተወው፣ ሐቁ ነው» አለች፤ እሷ ናት ያለቀሰችው።

በማግስቱ ሥራ ተጀመረ። ታሊያ ማሽኑ በዕብራይስጥ ሳይሆን በራሱ ቋንቋ እንዲያወራ ወሰነች። የወንድ ድምፅ ያስፈልጋል። በሠፈሩ ሁሉ ማንን አመጣሁ ትያለሽ? ፈጠነን! አማራጭ አጥቼ እንጂ። ማይክሮፎኑ ፊት ልብሱን ለባብሶ፣ ካህኑ ኬስ ፊት እንደቀረበ ሙሽራ ተገትሮ ቆመ። «ሻይ» በል፣ «ሻይ» አለ። «ደክሞኛል» በል፣ «ደክሞኛል» አለ፤ ይኼን እንኳ ከልቡ ነው ያለው። «ሽንቴ መጣ» ላይ ግን አፈረ፣ ድምፁን ዝቅ፣ ዓይኑን ወደ መሬት። አማርኛ የማይሰማው ቤኒ «ይኼኛው ጸሎት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ማሽኑን ለዳኘው ገጠሙለት። እኔ ከጎኑ ቁጭ ብዬ እያበረታታሁት ነው። «በርታ የኔ ወንድም፣ ጣትህን አሳርፋት፣ አትቸኩል፣ ወደ ግራ፣ አይ ወደዚያ፣ እሱን አይደለም፣ አዎ እሱን...» ጣቱ እየተንቀጠቀጠች ስትዞር ቆይታ አንድ ቀዳዳ ውስጥ ገባች። ማሽኑም በገዛ ባሌ ድምፅ «ተዪኝ!» አለኝ።

በሃያ ሁለት ዓመት ትዳሬ ፈጠነ በዚያ ድምፅ ተናግሮኝ አያውቅም! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዳኘውም፣ ያለም፣ በዚያ በሚታዘዘው ግማሽ ፊቱ ሳቀ። ከአዲስ አበባ ስንመጣ አውሮፕላኑ ውስጥ ወንበር ተነቃቅሎ መሬት ላይ ተደርድረን ሳለ፣ «መስኮቱን ዝጉት፣ ደመናው ይገባብናል» እያለ የሚያለቅሱትን አሮጊቶች ሲያስቅ የነበረው ዳኘው፣ እሱው ራሱ።

ይህን ሁሉ የምተርክልሽ ለሳቅ ብቻ አይደለም። አንቺ የጠየቅሽው ነገር ደረሰ። ከአፖትሮፖስነት፣ እንግዲህ ስለሱ በሕግ የምትፈርሚበት ኃላፊነት፣ ልትወርጂና ለማያውቀው ድርጅት ልታስተላልፊ ያመለከትሽው ወረቀት ማለቴ ነው። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው ኢታን ይዞት መጣ። «ፊርማዋ ብቻ ነው የቀረው» አለ። እኔ በዚያው ሌሊት ሳልተኛ አራት ገጽ ጻፍኩልሽ። «እንዳትፈርሚ፣ ከፈረምሽ አላውቅሽም፣ ወንድምሽ እያለ ወንድም አልባ ልትሆኚ ነው» እያልኩ። ታሊያ ግን ሌላ ነገር አለች። «እስካሁን እሱን ያልጠየቅነው መጠየቅ አይቻልም ብለን ነው። አሁን ይቻላል። እንጠይቀው።»

ለጥያቄው ገጽ ተዘጋጀ። አፖትሮፖስ ለሚለው ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ ሰው ሥዕል ተሰጠው። ድምፁን ልናስቀዳ ፈጠነን መልሰን ጠራነው። «በአማርኛ ምን ልበለው?» አለ። «ሞግዚት በለው» አልኩት።

«ሞግዚት?» አለ። «ለአርባ አምስት ዓመት ሰው? ልጅ የሚያጥብ ሞግዚት?»

«በሕጉም ቃሉ እሱ ነው።»

«ሕጉ ይበለው። በኔ ድምፅ አይባልም።» ብሎ ማይክሮፎኑን አስቀመጠ! ዝም ያለ ሰው እምቢ ሲል ደግሞ ታውቂያለሽ፣ በሬ አይጎትተውም። ዕብራይስጡ እንዳለ ቀረ።

ያለፈው ረቡዕ ተሰበሰብን። ኢታን ወረቀቱን ዘርግቶ ረጋ ብሎ ጠየቀ፤ እኔ በአማርኛ አደረስኩለት። «ዳኘው፣ እህትህ ያለምዘውድ አፖትሮፖስህ ሆና እንድትቀጥል ትፈልጋለህ?»

እኔ የሚስባትን ትንፋሽ ጠበቅሁ። ፊቴ ላይ ፈገግታዬን አዘጋጅቼ ነበር። ዝም አለ።

እንደገና ተጠየቀ። ዝም። ዝም ማለቱ ምን ማለት እንደሆነ አሁን ሁላችንም እናውቃለን። «ጥያቄው አልገባውም!» አልኩ።

«ማንቴ» አለችኝ ታሊያ፣ «አፍ።»

«እሺ፣ ሌላ ሰው ይሁንልህ? ድርጅት ይሁን?» አለው ኢታን። ዝም።

እንግዲህ የቱንም አይፈልግም ማለት ነው? እርስ በርሳችን ተያየን። ዳኘው ግን እጁን አነሳ። ፕላስቲኩ ላይ አሳረፋት። ጣቱ እንደ ዓይነ ስውር በትር ቀዳዳውን በቀዳዳ ዳሰሰች። «አፖትሮፖስ» አለ ማሽኑ። ደግሞ ዳሰሰች። «አልፈልግም።» ከዚያ ሌላ ገጽ ለማምጣት ጥጉ ላይ ያለውን ቀዳዳ ፈለገ፤ ሦስቴ ሳተው። ልረዳው እጄ ሲነሳ ታሊያ እጅጌዬን ይዛ አስቀረችኝ። ያንቺ ፎቶ ያለበት ገጽ መጣ። ጣቱ እስኪደርስ ውጭ አንድ አውቶቡስ ቆሞ ሰው አውርዶ ሄደ። «እህቴ» አለ ማሽኑ። ከዚያ «እፈልጋለሁ።»

ኢታን እስክሪብቶውን ጣለ። «ዳኘው፣ በትክክል ልረዳህ። እህትህ እንድትፈርምልህ አይደለም የምትፈልገው። እህትህ እህት እንድትሆንህ ነው?»

አፌን ገጥሜ ያዝኩ፣ እግዜር ያውቃል። ዳኘው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ። በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም አልዘለለም፣ ማንም መስኮት አልከፈተም። ኢታን እስክሪብቶውን አንስቶ ወረቀቱ ላይ «ኬን» ብሎ ጻፈ። አዎ።

እኔ ቤት ገብቼ ያንን አራት ገጽ ቀደድኩት። እንዳትፈርሚ ብዬ ልለምንሽ የጻፍኩትን፣ እሱ ጉዳዬ አይደለም ያለውን። ለካ እኔም እንደ ታሊያ ሳልጠይቀው ስመርጥለት ነበር። ስለዚህ ፈርሚም አልልሽም፣ አትፈርሚም አልልሽም። ያ ከኢታን ጋር የምትጨርሽው ነገር ነው። እሱ የጠየቀው የወረቀት ሰው አይደለም።

ከአፉላ በጠዋቱ አውቶቡስ ከተነሳሽ በቴል አቪቭ አድርገሽ ከቀትር በፊት እኛ ጋ ነሽ። ማዕከሉ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ክፍት ነው። ሳፒርንም አምጫት፤ ለኔ ስትደውል ስለ አጎቷ «ዶድ ዳኘው ፌስቡክ ይችላል?» ብላ ጠይቃኛለች፤ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ቤኒ ያውቅ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አልዋሽሽም፣ ከዚህ በፊት በሌላ ሰው ቃል ስለዋሸሁሽ ይበቃኛል። ያን ማክሰኞ የተናገርሽውን ይቅር ብሎሽ እንደሆነ እኔ አላውቅም። ልጠይቀው እችል ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ስንቴ መለስኩት። ያ ጥያቄ ግን የኔ አይደለም፣ ያንቺ ነው። በገዛ አፍሽ ጠይቂው። ስትጠይቂው ቀድመሽ አትመልሺለት፣ ጣቱ ቀስ ይላል። ምናልባት ዝም ይልሽ ይሆናል። ዝም ካለሽ ወደ አፉላ እንዳትመለሺ፣ በማግስቱም ጠይቂው። አልጋ አንጥፌልሻለሁ።

አፏን ይዛ የምትጠብቅሽ፣
ማንተገብሽ